የአንለይ ጨርቅ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ፣
ሦስት በርሜል ተከልን፣ ሳይገለጥ ሰማይ።
«ባጃጅ እናጥባለን፤ ሠላሳ ብር ብቻ፤
ማንም አይለፈን ሳይከፍል የድርሻ፤
ገቢው ለልጆች ነው፣ ለጫማ፣ ለብተር»
ብሎ ጻፈ ምንይችል፤ «ደ»ን ውጧት ነበር።
ቤዛዊት ስቃ ስቃ ከላይ ደረበቻት፤
ዘመም ብላ ዋለች፣ ማንም ሳያቃናት።

ውሃው ከቦኖ ነው፣ በጋሪ የመጣ።
ሐሙስ ተጨቃጨቅን፦ «ሐይቁ ምን ሊያጣ?
በባልዲ እንቅዳና እዚያው ዳር እንጠብ!»
«እምቦጩ አነሰና ሳሙና እንመግብ?»
ባለጋሪው ሰማ፣ ለማን እንደሆነ፤
ግማሽ ዋጋ ትቶ ጀሪካኑን ጫነ።

እኔ መዝገብ ያዝኩኝ፦ ሠላሳ አንድ ስም።
ሁሉም ጫማ ቁጥር አለው፤ የአንለይ ግን የለም።
ልንለካው ሽምብጥ ስንሄድ፣ የጓሮ አጥር ዘሎ፣
ደንገል ውስጥ ተሸሸገ፣ «አልለካም» ብሎ።
«የአባቱ ልጅ ነው» አለች፣ እናቱ፣ ቀረሶ እየፋቀች፤
ከኩራት ነው ከሐፍረት? ብቻ አቀረቀረች።
(ምንይችልም ቢሆን ጫማው የወንድሙ ነው፤
ሁለት ቁጥር ቢሰፋው ጋዜጣ ጠቀጠቀው።)

ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ሳይጠራው መጣ፤
ከኪሱ ተጣጥፎ የኖረ ጨርቅ አወጣ።
የካናቴራ እጅጌ ነው፣ ቢጫ መሰለኝ።
«ጎማ ጎማውን ለኔ» አለ፣ እየገላመጠኝ።
ተንበርክኮ ጀመረ፤ በጎማው ጥርስ መሐል
የደረቀውን ጭቃ እንደ ለውዝ ሲፈለፍል።

ስልሳ ሁለት ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አንድ ሞተር፣
የመሪጌታ ብስክሌት (በነፃ፣ በክብር)፣
አንዱ ሹፌር መቶ ሰጥቶ መልስ ሳይጠብቅ ሄደ፤
ሌላው ከሠላሳው ላይ አምስት ብር ጎመደ።

ቀትር ላይ ከዘጌ ጀልባ ደርሶ ሲራገፍ፣
አንድ ባልቴት ቆሙ ከበርሜላችን ደጃፍ።
«ብር የለኝም» አሉን፣ «ሎሚ ነው ያለኝ፤»
ሰባት ቆጠሩልን፣ «ገቢ ላይ ጻፊልኝ!»
«ሎሚ፣ ሰባት» ብዬ ከብሩ ሥር አሰፈርኩ፤
ስንት ብር እንደሚሆን ዛሬም አላወቅሁ።

ማታ ምንይችል ቆጥሮ፦ «ሁለት ሺህ ከአምስት።
ለዘጠኝ ጫማ ነው። ለሃያ ሁለቱ ግን ሌላ ቅዳሜ አለበት።»
«ዘጠኙን ማን ይምረጥ?» ዝም አልን ሁላችን፣
ውሃ የሸበሸበው ጣታችንን እያየን።

ደብተሩ ግን ተገዝቷል፣ ባለፈው ሳምንት ገቢ።
ቤዛዊት ስልኳን አውጥታ፣ «አንለይ፣ ወዲህ ቅረብ እስቲ፤
ደረትህ ላይ አድርገህ ደብተሩን ከፍ አርገህ ያዝ፤
ለጋሾች ይዩህና ሌላም እንዲታዘዝ።»
ክፋት አልነበረባት። እሱ ግን፣ ውሃው እስኪደርቅ
ጨርቁን ሦስቴ ጨምቆ፦ «ካነሳሽኝ፣ ይታይ ይሄ ጨርቅ።»

ስልኩ ቦርሳ ገባ።

አራት ደብተር ሰጠሁት፤ ቆጠረው ሁለቴ።
«ደሞዜ ነው ብዬ ልንገራት ለእናቴ?»
«ንገራት፣ ነውኮ» አልኩት፤ ሌላ ቃል ሳልጨምር
ዞረና ፈተለከ፣ ደብተሩ ብብቱ ሥር።
እርጥብ እግሩ ብቻ በወደቡ ሲሚንቶ፣
አምስት ጣት፣ ተረከዝ፣ ቀረ ጥርት ብሎ ወጥቶ።
ከጣቱ ጫፍ ጀምሮ ይደርቃል፤ ቸኮልኩ፤
ተንበርክኬ በስንዝር፣ በእስክሪብቶም ለካሁ።
«ምን ጠፋብሽ?» አለኝ ምንይችል። «ምንም» አልኩት።
መዝገቡን ገልጬ ባዶዋን ሞላኋት፦
ሠላሳ ሦስት።

ቀና ስል፣ ደርቋል።