መካከለኛው ምሰሶ

ከተማው ቩርዝቡርግ፣ ወሩ የካቲት፣
ዝናቡ የወይኑን ጉብታ ያጥባል፤
ምድር ቤቱ ውስጥ ግን አንድ የብረት ሆድ
ቱክ... ቱክ... እያለ ሂልየም ይውጣል፤
ከፍጹም ቅዝቃዜ አራት እርምጃ ላይ
የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ድንጋይ ታቅፎ ተኝቷል።

ድንጋዩን ያበቀለች ሮስቪታ ናት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አየር በሌለው ጋን፣
ጋልየም፣ አርሰኒክ፣ ረድፍ በረድፍ
አቶም በአቶም ላይ ስትደረድር።
ኢንዲየም ሲጨመር ንጣፉ ይጨነቃል፣
ላብ እንዳጠመቀው የሙሽራ ግንባር
ችፍ ይላል፤ እያንዳንዷ ችፍታ መብራት ናት።
የማትታይ መብራት።

አብዛኛዋ ከንቱ፤
አንዷ ትርገበገባለች፣ የአንዷ ቀለም ይሸሻል፣
አንዷ ከመንገድ ርቃ በቅላለች።
ቲያርክ ሦስት ወር ሙሉ ሲፈልግ የከረመው
ከቺፑ ጠባብ የብርሃን ቦይ ዳር ያረፈች፣
ሌዘር ሲነካት አንድ ፎቶን ብቻ የምትወልድ
ነጥብ ነው፤ ሁለት የማትለው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን አደግን፤
እዚህ ቤት ማበር ነውር ነው።
ጥንድ ሆኖ የሄደ ብርሃን ምስጢር አይጠብቅም፤
አንዱን ሌባ ያስቀረዋል፣ ሌላው በሰላም ይደርሳል፣
ባለቤት አያውቅም።
ነጠላው ግን አይቆረስ፣ አይካፈል፤
አንድ ለእናቱ፣
ከጠፋም ሙሉውን ነው መጥፋቱ።

«ታዲያ ብቻውን መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለች
ሮስቪታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች።
ዓርብ ጡረታ ትወጣለች፤
ያበቀለችውን መብራት አንድም ቀን ሲበራ አላየች፤
ቀለሙ ከቀይ ወዲያ ነው፣ ዓይን ከሚያበቃበት ማዶ።

ቲያርክ በወረቀት ጀርባ መንታ መንገድ ሳለ፦
«እዚህ መስታወት፤ ግማሹን ያሳልፋል፣ ግማሹን ይመልሳል፤
ወዲህ አንድ ጆሮ፣ ወዲያ አንድ ጆሮ።
ሁለቱም ባንዴ ከሰሙ ዋሽተናል።
አንዱ ሲሰማ ሌላው ዝም ካለ...»
አልጨረሰም፤ ስክሪኑን አዞረላት።

ምሰሶ፣ ምሰሶ፣ ምሰሶ፣ እንደ ድልድይ አጥር፤
መሃል ላይ፣ ዜሮ ላይ፣ ክፍት።
ሰባት ሰዓት ተኩል ተቆጥሮ ምንም ያልቆመበት ቦታ፤
ከሥሩ እንደ አጭር ሣር ጭረት ቢጤ ቀርታለች።
«እሷን ገና አልነቀልኳትም» አለ አፍሮ።

«የጎደለው ነው ማስረጃው?»
«የጎደለው ነው።»

መነጽሯን አውልቃ ጣቷን ክፍቱ ላይ አኖረች፣
የወለቀ ጥርስ ቦታን ምላስ እንደሚፈልገው።
ሳቀች። ወይም ሳል ነበር።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ስደርብ የኖርኩት ለዚች ጉድጓድ ነው?»
ቅሬታ የለበትም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ አምስት ቁጥር ትራም፤
ከድልድዩ በታች ብርሃን በጅምላ ማይን ወንዝ ላይ ይደፋል፤
የሚቆጥረው የለም።
ቤቷ ስትደርስ፣ ደረጃው ላይ፣ አምፖሉ ቦግ ሲል
ግንባሯን በእጇ ጋረደች፤
በዛባት።
አጥፍታው በጨለማ ወጣች፣
ደረጃውን
አንድ፣
አንድ፣
አንድ እያለች።