ላብ ቆጣሪ

እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፤
የማንንም ዕጣ ከሰማይ አላነብም።
ካውናስ ከተማ፣ ከኔሙናስ ወንዝ ዳር፣
በትልቁ አዳራሽ፣ ከቅርጫቱ ሥር፣
መወልወያ ታቅፌ ቁጢጥ የምል ሰው ነኝ፤
ሰው ሲንሸራተት ነው እንጀራዬ የሚገኝ።
ፊሽካ ይነፋል፤ ሮጥ ብዬ እገባለሁ፣
እርጥቡን አድርቄ ቶሎ እመለሳለሁ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ላብ ስቆጥር ኖሬያለሁ።

ላብ ደግሞ ይነበባል።
የፈሪ ላብ ከተቀያሪ ወንበር ሥር ይንጠባጠባል፤
የጉረኛው፣ ካሜራ ካለበት፤
የአንዳንዱ ደግሞ ማንም ከማያይበት፣
እኔና ወለሉ ብቻ ከምንተዋወቅበት።

ቫይዶታስን ሳውቀው አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
ክንዱ እንደ መቅዘፊያ፣ መቃ ነው አንገቱ፣
ጫማው የታላቁ፣ ክሩ የተቋጠረ፤
ኳሷን መሬት ሲያነጥር ወለሉ ተናገረ።
ዘንድሮ፣ በሃያ ሁለቱ፣ ከኮከቦች ተቆጠረ።
ፎቶው በአውቶቡስ ጎን ከተማውን ዞረ፤
ኬክ ጋጋሪዋ ኤግሌ ቁጥሩን በክሬም ጻፈች፤
የዘበኛው ሚስት ድመቷን በስሙ ጠራች።

ያኔ መጣ ጥያቄው፣ ከበረዶው ጋር፣ ከየሱቁ ደጃፍ፦
"ኮከብማ ሆነ። ፀሐይስ ይሆናል?"
ፀጉር አስተካካዩ፦ "ሥጋ ይጨምር፤ ትከሻው ሳስቷል።"
ታክሲ ነጂው ሊናስ፦ "ማድሪድ ካልሄደማ፣ እዚሁ ይበሰብሳል።"
ጋዜጣው በመቶኛ፣ በሠንጠረዥ ያሰላል።
እኔን ማን ይጠይቃል?

ቢጠይቁኝ ኖሮ፣
"ግራው ደርቋል" እል ነበር፣ "ግራው ደርቋል ዘንድሮ።
በቀኝ ይነሳል፣ በቀኝ ይገባል፣ በቀኝ ይሰቅላል፤
ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር፣ መከላከል ካለበት፣
መወልወያዬ ደረቁን ሄዶ ደረቁን ይመለሳል።"

አንድ ማታ ራሱ መጣ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ።
"ሁሌ የምታፈጠው ምን አይተህ ነው?" አለኝ ዘንበል ብሎ።
"ግማሽ ሰው" አልኩት።
አልሳቀም። እኔም አላስተባበልኩት።
ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኝ፤
ምነው ምላሴን በነከስኩት፣ ብዬም ቆጨኝ።

ጥር ላይ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣
በሩን ብከፍት አንድ መብራት በርቷል።
ቀኝ እጁን በቀበቶ ከወገቡ አስሮ
በግራው ይወረውራል።
ይስታል።
ኳሷ ብረቱን ገጭታ ባልዲዬን ትገለብጣለች።
ይስታል።
አውቶቡስ ላይ የሚስቀው ያ ሰውዬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ፣
ፊደል እንደሚጽፍ በማያውቀው እጅ፣
ይስታል፤ ያፍራል፤ ደግሞ ያነሳል።
የፈሰሰውን ወለወልኩ። ምንም አልተባባልንም።

ከቪልኒዩስ ጋር ለት፣ በአንድ ነጥብ ተመርተን፣ አራት ሰከንድ ሲቀር፣
ቀኙን እንደ በር ዘጉበት፤ በግራ ገባ፤
ሦስተኛው መጣ እንደ ግንብ ሊገተር።
አዳራሹ "ራስህ! ራስህ!" እያለ ሲንቀጠቀጥ፣
ከጥግ ለቆመው፣ ገና ጢም ላላበቀለው ለዶማንታስ አቀበለ።
ልጁ ወረወረ።
ብረቱን ዞረች፤ አመነታች፤ ወጣች።

ያ ሁሉ ሕዝብ አፏጨ።
"ፀሐይ ቢሆን ኖሮ ባላቀበለ" አለ ጋዜጣው በማግሥቱ።
ጋዜጣው የት ሰማ፤ እኔ ነበርኩ ከአጠገቡ፣
ፊቱን በማልያው የሸፈነውን ልጅ ደግፎ ሲያነሳው፦
"ነገም እዚያው ቁም" ነበር ያለው።

ሰው ሲያልቅ ወጣሁ ልወለውል።
ግራው ረጥቧል።
ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር ኩሬ ሊሆን ምንም አልቀረው፤
አምስት ዓመት ሙሉ ከሱ ያጣሁትን
ጨመቅሁ፣ ደግሞ ጨመቅሁ፣ ወገቤ እስኪለኝ ተው።

ውጭ ሊናስ ታክሲውን ያሞቃል፤ ፊቱን ሽንፈት አኮምጥጦታል።
"አንተ ላብ ቆጣሪ፣ ምን ትላለህ፣ ፀሐይ ይሆናል?"
"ባልዲዬ ከብዷል" አልኩት።