ምራቅ የዋጠ ሰው

በአሬያ ብራንካ፣ ጨው እንደ ተራራ በሚቆለልበት፣
ነፋስ መዘውሩን ሌት ከቀን እያዞረ በሚያስጮህበት፣
አባቴ ዤኒቫል ሞቶ ተቀበረ፤
የሰባት ቀን ጸሎት ሳይደርስለት ገና፣ ክሱ ተጀመረ።

የተወልን ሀብት ይህ ነው አይባልም፦
ሦስት የጨው ገበታ፣
ውሃ የምታስገባ አንዲት አሮጌ ጀልባ፣
እኛ ሳንወርሰው ዝገት የወረሰው አንድ የነፋስ መዘውር፣
ደግሞም ስሙ።

ኤዲቫኒያ የመጣችው ለስሙ ነው አሉ።
«ለጀልባው ነው እንጂ» አለች እህቴ ሊንዳልቫ።
እህቴ ሁሉን ነገር በኪሎ ነው የምትመዝነው።

በልደት ወረቀቷ፣ «አባት» ከሚለው ፊት
ጸሐፊው አስምሯል አንዲት አጭር ጭረት፤
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
በዚያች ጭረት ላይ ቆማ ኖራለች፣
ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው።

ጠበቃችን መከረን፦
«የሞተ አይናገርም፣ እናንተም አታውሩ፤
ምራቅ ስጡ ቢሏችሁ እምቢ ብላችሁ ቅሩ።»
ዳኛዋ ግን መነጽራቸውን አወለቁና
«እምቢታም ቃል ነው» አሉ፤
«ሕጉ ይሰማዋል።»

እሷ ከቦርሳዋ የጋዜጣ ጥቅልል አወጣች።
ቀስ ብላ ፈታች።
የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ፣ ቁጥሩ ሃያ፣
ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የተጠገነ።
«ሽቦ ደግሞ አባት ይሆናል?» ብሎ ጠበቃችን ሳቀ።
ሊንዳልቫም ሳቀች።
እኔ አልሳቅሁም።

ያን ሽቦ አውቀዋለሁ።
ሦስት ዙር ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ኋላ፣
ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሮ፣ ቆዳ እንዳይወጋ።
በዚያ ሁሉ የጨው ማሳ እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ነበረ፤
ፒንሳውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ለማን ነው?» ብለው
«ለወዳጅ ልጅ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።
ያን ማታ ጫማዋን በመዳፌ ለካሁ፤
ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም።
በማግስቱ ብስክሌቱን ይዤ
ከአረንጓዴው በር ማዶ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።
ሲወጣ እጁ ባዶ ነው።
«ለእናትህ...» አለና አልጨረሰውም።
እኔም እስከ ዛሬ አልጨረስኩለትም።

ሰፈር ውስጥ ጸብ ሲነሣ የሚጠሩት እኔን ነው።
«ዦዜኒልዶ ምራቅ የዋጠ ሰው ነው» ይላሉ።
እውነታቸውን ነው።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስውጠው የኖርኩት
ያን ሽቦ ነው፣ ያን በር፣
ያን ያልተቋጨ ቃል፣ ከምራቄ ጋር።

ነርሷ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ይዛ መጣች።
ጠበቃው ጠቀሰኝ። እህቴ እግሬን ረገጠች።
እምቢ ካልን አባቴን ቆፍረው ሊያወጡት ነው፤
አጥንት ሊቆጥሩ፣ ያንን የወሬውን ሳይሆን
እውነተኛውን አጥንት፣ በጓንት እጅ፣ በዶማ ጫፍ።
ዕድሜውን በአካፋ ጨው ሲቆልል የኖረ ሰው
እሱንም ደግሞ ይዛቁት?

አፌን ከፈትኩ።
ጥጡ ጉንጬን ሲነካው
ጨው ጨው አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን መልሳ ስትጠቀልል ደረስኩባት።
እኅቴ ልበላት? ምን ልበላት?
«ሌላኛውስ እግር?» አልኩ።
«እሱም ተበጥሶ ነበር። ልጠግነው ብሎ ወሰደው፤
ከዚያ በኋላ አልመጣም» አለች።

የመሣሪያ ሣጥኑ እኔ ቤት ነው።
ቁልፉን ዝገት ወርሶታል።