ሙቀቱ ሳይለወጥ

ከወደቡ በላይ፣ ካሊምኖስ ደሴት፣
መስኮቱን ጨው የበላው አሮጌ ትምህርት ቤት፣
ቴመሊና መምህርቷ ጠመኔ አነሣች፣
በሰሌዳው ግርጌ ባሕር አሰመረች።

«ይህ ወለሉ» አለች፣ «አርባ ሜትር ጥልቀት፣
ከላይ ካለው አምስት እጥፍ የሚጫን ግፊት።
እዚህ አንዲት አረፋ፣ ምስር የምታህል፣
ሙቀቱ ሳይለወጥ ወደ ላይ ብትል፣
ስንት ታህላለች? አስሉና ንገሩኝ፤
ግፊት በይዘት ሲባዛ ያው ነው፣ አትርሱብኝ።»

ስኬቮስ ተነሣ፣ የጀልባ ሠሪው ልጅ፣
ሬንጅ ያጠቆረው፣ የሻከረ እጅ፤
«አምስት ምስር» አለ፣ ሳይጽፍ፣ ሳይደምር።
«እስቲ በየአሥር ሜትሩ እንቁጠር» አለች።
ሠላሳ ላይ ጥቂት፣ ሃያ ላይ ትንሽ ጨምራ፣
አሥር ላይ ሁለት ተኩል፤ ገና መች ተቆጥራ!
የመጨረሻዋ አሥር፣ ፀሐይ የሚታይባት፣
እሷ ናት ክፉዋ፣ በእጥፍ የምታሳብጣት።

ልክ ነው። ቁጭ በል።
ልክ ነው፤ ግን እሷ ፊቷን አዞረች፣
የት እንደምታድር ስለምታውቃት
ያቺን አረፋ በጣቷ ዳሰሰች።

ከአባቷ አከርካሪ፣ ከወገቡ በታች፣
እዚያ ነው፣ ጅማት መሀል፣ ገብታ ያበጠች።
ሰፍነግ ለቃሚ ነበር፣ የመዳብ ራስ ቁር፣
ከፋሲካ እስከ መስከረም በሊቢያ ባሕር።
ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ገመዱ ቶሎ ተሳበ፤
ከላይ የቆመ ሰው ለታቹ መች አሰበ?
በእግሩ ሄዶ ነበር፣ በቃሬዛ መጣ፤
የሰፍነጉ ዋጋ ሁለት ከዘራ አወጣ።

ማታ ደብተር ስታርም፣ «ምን አስተማርሽ?» አላት።
ሥዕሉን፣ ቀመሩን ነገረችው፤ ሰማት።
የወይራውን ፍሬ መዳፉ ላይ ተፍቶ
ሳቀባት እንደ ልጅ፣ ትከሻው ተፈትቶ፤
«ሙቀቱ ሳይለወጥ? ማነው ያለሽ ይህን?
አርባ ሜትር ወርደሽ ቀምሰሽዋል ብርዱን?
ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እዚያ ሽንት እንኳ ጸጋ ነው፤
ለአፍታ ያሞቃል።»

ቀዩን ብዕር አስቀመጠች።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ፣ ከጥያቄው ሥር፣
በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ሙቀቱ እንዳልተለወጠ እንቁጠር።
ይለወጣል።
በስንት ደቂቃ መውጣት እንዳለበትም ጻፉ።»

ስኬቮስ እጁን አወጣ፤
«መምህርት፣ ደቂቃ እኮ ቀመሩ ውስጥ የለም።»
«የለም» አለች።
ሰሌዳውን ግን አልጠረገችም።