ከአንበሳ አሳ

ማራኪ ግቢ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።
ሥዕሉ ሊታይ ሲል ሄደብን መብራት።
ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ የተላጠ ሰሌዳ፤
ጠመኔ አወጣሁ፣ ከቦርሳዬ ጓዳ።

«አንበሳ» ብዬ ጻፍኩ፤
«ንበ»ን በመዳፌ ከመሐል ጠረግኩ።
ዳርና ዳር ሲጋጠም ቀረልን «አሳ»፤
ክፍሉ ሳቀ፣ ያንቀላፋውም ተነሣ።

በየሴሉም እንዲህ ነው፣ አልኳቸው፤
አስቡት ግንቡን፣ የፋሲልን አጥር፤
ዋናው መዝገብ ወጥቶ አያውቅም ከበር።
የሚወጣው ግልባጭ ነው።
ገልባጩም አይመርጥም፤
ያገኘውን ይጽፋል እንጂ አያበጥርም።
ልክ እንደ አዘዞ ታክሲ ተሳፋሪ ወሬ፦
አንድ ቁም ነገር፣ ሦስት ፌርማታ ዝባዝንኬ፣
ግማሽ ቁም ነገር፣ ከዚያ እስከ ጠዳ ዝባዝንኬ።

ስለዚህ በሩ ጋ ሳይደርስ ልብስ ሰፊዎቹ ይይዙታል።
ምልክት ያውቃሉ፦ ጂና ዩ ሲያዩ ይቆርጡታል፣
ኤና ጂ ሲደርሱ ደግሞ ይለቁታል።
መሐሉ ተቆልምሞ እንደ ሸምቀቆ ይወድቃል፤
ዳርና ዳሩ ይሰፋል።
ሰፊዎቹ ራሳቸው፣ ግማሽ ጎናቸው
ከዚያው ከሚቆርጡት ዘር ነው፤
ልብስ ሰፊ ራሱ ከጨርቅ ቢሠራ ማለት ነው።
አናቱ ላይ ቆብ ደፍተውለታል፤
ጅራቱ፣ በእኛ ፊደል ብንጽፈው፣
አአአአአአ ይላል፣
ከአንገረብ ማዶ ሰው እንደሚጣራ።
ያኔ ነው የሚወጣው፣ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ተራ።

ቅዱም አንድ አይደለም። «ወንበር» ብዬ ጻፍኩ፤
መሐሉን ሳነሣ «ወር»፣ ፊቱን ሳነሣ «በር»።
ጉበት በራሱ ልክ፣ አንጎል በራሱ ልክ፣
ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ።

ውባንተ እጁን አወጣ፤ ከጃናሞራ የመጣው፣
ቅኔ ቤት አራት ዓመት ከርሞ ወደ ሳይንስ የዞረው።
«መምህርት፣ ሰምና ወርቅ ነው እንበለው?»
አይደለም አልኩት። ሰም ወርቁን ከላይ ያለብሰዋል፤
ይህ ግን መሐሉ ገብቶ ይቆራርሰዋል።
አሰበ። አልተቀመጠም።
«ታዲያ ሊጣል ከሆነ ለምን ተጻፈ?» አለ።
ግማሹን መልስ ማንም አያውቀውም፤
የማውቀውን ግማሽ እኔም አልተናገርኩም።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙ ቢያድግልኝ።
አምስት ዓመቱ ነው፤ ላየው ሰው ሦስት ይመስላል፤
ደሙ እያለቀበት በየወሩ ደም ይለመንለታል።
ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ በአራተኛው ወር መልስ መጣ፦
አንዲት ፊደል።
ያውም ከሚጣለው መሐል፣
ማንም ከማያነበው፣ ከዝባዝንኬው መሐል፣
አንዲት ፊደል ተለውጣ የመቁረጫ ምልክት መሰለች።
መቀሱም አመናት።
ጥራጊው ከጨርቁ ጋር ተሰፋ፤
ቃሉ ሳያልቅ አለቀ።

አባቱ ይርሳው፣ ጠዳ ላይ ጋሪ የሚነዳ፣
ወረቀቱን ተቀበለ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤
መልሶ ገለበጠው።
«የቷ ናት?» አለኝ፣ በአውራ ጣቱ መስመሩን እየተከተለ።
«በምላጭ ብትፋቅስ?»
ለሐኪሙ የሚሆን ቃል ነበረኝ፤
ለእሱ የሚሆን አልነበረኝም።

መብራት መጣ።
ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በቀይና በሰማያዊ በራ፤
ስልሳ አንዱ አንገታቸውን ደፍተው ገለበጡ፣
ሁሉንም፣ ሳያበጥሩ።
ውባንተ ብቻ እንደቆመ ነው፤ ሰሌዳውን ያያል፦
አሳ። ወር። በር።
እኔ መዳፌን አየሁ።
ነጭ ሆኗል።
«ንበ» እዚያው አለ።