ለሚያውቀው

ትምህርት ቤቱ ነበረ፣ ወገል ጤና፣ የጦር ሰፈሩ፤
ወንበሩ ለማገዶ ሄዷል፣ አልተነካም ግን ጥቁሩ
ሰሌዳ፦ ሰባት ሲባዛ በስምንት፤ መልሱን ማንም አልጻፈው፣
መምህሩ በሸሸ ለት ጠመኔው ነው የተረፈው።

ዙቦቭ ካርታውን ዘርግቶ በአራት ቀለህ አስያዘው፣
ከሞስኮ ድረስ የመጣውን የዋድላ ንፋስ ሲያወዛውዘው።
በሽሎ በሰማያዊ፣ ገደሉ በቡናማ መስመር፣
ሁሉ ነገር ተጽፎበታል፣ ከሰዉ ስም በስተቀር።

እኔ አስተርጓሚው ነኝ። ኦዴሳ፣ አምስት ዓመት፣
የትራክተር ሞተር ተምሬ የመጣሁ ለእርሻ ልማት፤
ትራክተሩ አልመጣም። ሩሲያኛው ግን ተፈለገ፣
"አንተ ና" አሉኝ ደሴ ላይ፤ ምላሴ መለዮ አደረገ።

ኮሎኔሉ ክፉ አልነበረም። ማታ ማታ ጥርሱን ያመዋል፣
ቅርንፉድ ሰጥቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።
ከዚህ በፊት ካንዳሃር ነበር። ስሟን የጠራት አንዴ ነው፣ በመስኮት አይቶ፦
"እዚያም ድንጋዩ እንዲህ ነበር። እዚያም ገበሬው ፈገግ ይላል፣ እጅ ነስቶ።"

አንድ ማለዳ አንድ አዛውንት አመጡ፣ የያዙት በወንዝ ዳር፣
አራጌ ይማም የሚባል፣ ከሦስት ፍየሎቹ ጋር።
"ወንበዴዎቹ የት ናቸው? በለው" አለ ኮሎኔሉ።
አልኩት።
ፍየሎቹ ከወለሉ ጠመኔ ይልሳሉ።
አራጌ አልቸኮለም። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰው፣
"ቤታቸው ናቸዋ!" አለ። "የት ይሄዳል የቤት ሰው?"

"ቤታቸው ገብተዋል" ብዬ ተረጎምኩ። ደብተሩ ላይ ጻፈ፣
"ጠላት ተበትኗል" ብሎ፤ ከስሩም ሁለት መስመር አሳለፈ።

"መንገዱስ? ለመኪና ይሆናል?"
"መንገዱማ ደህና ነው፤ መንገድ ምን ይሆናል፣
ለሚያውቀው።"

የመጨረሻዋን ቃል አፌ ውስጥ ያዝኳት መሰለኝ፣
ወይ ደክሞኝ ነው፣ ወይ ፍየሏ ስትገፋኝ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው የያዘኝ።
ከሰላሳ ዓመት በላይ ይህችን ቃል አገላብጫታለሁ፤
በሩሲያኛ ሁለት ቃል ትሆናለች። አውቃታለሁ።
ያን ለት ግን "መንገዱ ደህና ነው" አልኩ።
በቃ።

አሥራ ሁለት ኦራል ወረደ፣ ጎማው አቧራ አዝሎ፣
ሄሊኮፕተሩ በላይ ዞረ፣ በሽሎ ላይ ጥላውን ጥሎ።
ገደሉ ጠበቀ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሊያስነጥስ እንደሚል ሰው፣
የኋለኛው መኪና መታጠፊያውን አልፎ እስኪጨርሰው።
ከዚያ ድንጋዩ ሰው ሆነ።

ሦስት መኪና ተመለሰ።

የሞቱት ሩሲያዎች አልነበሩም። ይህን እወቁልኝ፣ አደራ፤
የከምባታ ልጅ ነበር፣ የጅማ፣ የጋሞ ተራራ፤
ከገበያ የታፈሰ፣ ቦት ጫማው ሁለት ቁጥር የሚሰፋው፣
ደብዳቤ ለእናቱ አጽፎኝ፣ አድራሻው ግን የጠፋው፤
በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ የታዘዘ፣
በእኔ አፍ በኩል አልፎ ወደ ገደሉ የተጓዘ።

ኮሎኔሉ አልጮኸም። ካርታው ላይ ጣቱን አሳረፈ፣
"እዚህ ሰው የለም ይላል" አለ።
በመስኮት፣ ከዚያው ቦታ፣ ጢስ ሽቅብ ተንሳፈፈ።

ሽማግሌው? በዚያው ሌሊት ከነፍየሎቹ ታጣ፣
ጠባቂው "ቤቱ ነዋ!" አለ። ተርጉም የሚለኝ አልመጣ።

በሚያዝያ ተጠራና ሄደ፣ ከኮምቦልቻ በአንቶኖቭ፣
ጥርሱን ሳይነቀል፣ የገዛሁለትን ባና ታቅፎ፣ ምስኪን ዙቦቭ።

መንግሥት በወደቀ በዓመቱ፣ ከሰኞ ገበያ ስገባ፣
በርበሬ የጠቀለሉበት ወረቀት ወፍራም ነው፣ ውኃ የማያስገባ፤
ሰማያዊ መስመር አለው፣ ቡናማ መስመር፣ የማውቀው ፊደል፣
በርበሬው ወንዙን ተሻግሮ አቅልቶታል እስከ ገደል።
ከጥጉ ላይ በእርሳስ፣ በዙቦቭ እጅ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር።

ዘምዘም በርበሬውን ጣሳ ውስጥ እየገለበጠች
"ምን ይላል?" አለች።
"መንገዱ ደህና ነው ይላል።"
ወረቀቱን መታ መታ አድርጋ አራገፈችው።
"ለማን?"