የቆጡ ድልድይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከወርኩም ከተማ ዳር፣
የሩርድ ሥራ ድልድዩን ማንሣትና ማውረድ ነበር።
ምሰሶዋ የረዘመ ጀልባ በቦዩ ስትመጣ፣
ደወል ደውሎ፣ መኪና አቁሞ፣ መንገዱን ሽቅብ ሲያወጣ፣
ከዘንግ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ያንድ እግር የእንጨት ጫማ፣
ቀረጡን ይለቅም ነበር፣ የአየሩን ጠባይ እያማ።

ጡረታ ወጣ። ጫማው ምስማር ላይ ዋለ።
ዝናብ የሚያንኳኳው ቆጣችን ውስጥ ባቡር በቀለ፤
ጣት የሚያክል ፉርጎ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ጣቢያ፣
አራቱን ግድግዳ ዞሮ የማይገኝለት መግቢያ።
እንዴት ይገባል? እንደ ድመት፣ ሐዲዱ ሥር ተሽሎክልኮ፤
ስንቴ ጣውላ ገጨው፣ ስንቴ ተነሣ አናቱን አክኮ።
እኔ? እኔ አልገባሁም። ከደፍ ቆሜ ሾርባ አቀብላለሁ፤
“ሩርድ፣ በረደልህ” እላለሁ፤ ባቡር እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ኅዳር ጉልበቱ ከዳው፤
ጎንበስ ያለው ሰውዬ ቀና ማለት አቃተው።
ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ጠረጴዛ በአራት እግሩ ቆሞ፣
“ሂልከ” አለኝ ከታች፣ በቀስታ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
ጎረቤታችን ኦበለ መጥቶ እግሩን ይዞ ሳበው።
ማታ ምንም ሳይናገር መጋዙን አውጥቶ ሳለው።

ፊተኛው ልቅ ጣውላ ነበር፣ አንሥቶ በብብት የሚያዝ፤
ጥቁሯን ባቡር ሳያጠፋት፣ እሷም ልማዷ መጓዝ፣
ሐዲዱ አለቀባት፤ ጉዞዋ ግን አላለቀም።
የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለ አልነበረም፤
የብብቱን አጥብቆ ይዞ የቆጡን የጣለው የኔ ባል ነው።
ሰባት ስባሪ ለቀምን። ስምንተኛውን አጣነው።

ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው በማግሥቱ ማጠፊያ ገዛ፤
ሁለት፣ የናስ፤ በደረት ኪሱ ይዟቸው መጣ እንደ ዋዛ።
ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በውኃ ልክ አስተኝቶ፣
“ነይ እይ” አለኝ፤ ሊያነሣው ሲል ሐዲድ ከሐዲድ ተጋፍቶ
ግግም አለ።
ማጠፊያው ከሐዲዱ በታች ነው፤ ጫፉ ሲነሣ ወደ ኋላ ይገፋል፤
ጎረቤቱን ሳይደቁስ እንዴት ብሎ ይታጠፋል?
ይህን እኔ አላወቅኩም። ኦበለም። ሩርድ ግን ማወቅ ነበረበት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ድልድይ ያነሣ ሰው! ፊቱ አልሳቅኩበትም።
ኋላ፣ ወጥ ቤት፣ ብቻዬን ሳቅኩበት።

ፈታው። ሁለት እንጨት ጨምሮ ማጠፊያውን ከሐዲዱ በላይ ሰቀለ፤
እንጨቶቹን ግራጫ ቀብቶ “የድንጋይ ግንብ ናቸው” አለ።
ከዚያ ሽቦውን፦ ድልድዩ ሽቅብ ሲል ከወዲህም ከወዲያም ክንድ ያህል
ሐዲዱ ይደነዝዛል፤ ባቡር ከአፋፉ ሳይደርስ ይቆማል።
“ሰው ይረሳል፤ ሽቦ አይረሳም” አለኝ፣ ጣቶቹን እያየ።
ስለ ባቡሯ ብቻ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።
በዝናቡ ወር እንጨቱ አብጦ
ግማሽ ሚሊሜትር እንደገና ሞረደ።

ትናንት ሾርባውን ይዤ ስወጣ፣ ድልድዩ ሽቅብ ተከፍቶ፣
ሩርድ ከጎኑ ቆሟል፣ የሥራውን ባርኔጣ ደፍቶ።
ገባሁ። ወገቤን ሳላጥፍ። በዘጠኝ ዓመት መጀመሪያዬ።
ለካ የኮረብቶቹን ጀርባ ነው ከደፍ ሆኜ የማየው፤ አዬ!
ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፦ ላሞች፣ ቦይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት፣
ከበሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ሳህን የያዘች ሴት፣
ባቡር እስኪያልፍ የምትጠብቅ።
መቼ እንደቀባት አልነገረኝም። ሳህኗ ላይ ነጭ ነጥብ አለች፤
እንፋሎት መሆን አለበት።

ልወጣ ዞር ስል ድልድዩ ወርዷል፤ ሩርድ ዘንጉን ዘርግቶ ቆመ፤
ያ አሮጌ የእንጨት ጫማ ከፊቴ መጥቶ አዘመመ።
“ቀረጥ” አለኝ።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ልተክልለት የያዝኩት የሸሚዝ ቁልፍ ነበር፤ ጣልኩት።
“ይሄ ሳንቲም አይደለም።”
“ሾርባህም እየበረደ ነው” አልኩት።

ትንሽ አሰበ።
መንገዱ ሽቅብ ተነሣ።